ባለቤቱ ያልተጠየቀበት ሕመም፦ ሳይኮሲስን ከታማሚው አንደበት ማጥናት

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ወጣት «አበደ» ከተባለ ስለ እሱ የማይናገር ሰው የለም። እናቱ መተት ተደርጎበት ነው ትላለች። ጎረቤቱ ጫት ነው ያሳበደው ይላል። የሰፈሩ ባለ ባጃጅ ፍቅረኛው ትታው ስለሄደች ነው ብሎ ይምላል። አንዱ ጸበል፣ አንዱ የጸሎት ፕሮግራም፣ አንዱ ሆስፒታል ውሰዱት ይላል። ሆስፒታል ሲደርስ ደግሞ ካርዱ ላይ የሕመሙ ስም ይጻፋል። በዚህ ሁሉ መሃል ወጣቱን ቁጭ አድርጎ «ምን እየሆንክ ነው? አንተስ ነገሩን እንዴት ተረዳኸው?» ብሎ በትዕግሥት የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው።

ምርምሩም ለረጅም ጊዜ ከዚህ ብዙ አልተለየም። ስለ ሳይኮሲስ የሚወጣው አብዛኛው ጥናት መጠናዊ ነው። ስንት ሰው ታመመ፣ ስንቱ መድኃኒት ጀመረ፣ ስንቱ አቋረጠ ብሎ ይቆጥራል። ቁጥር ያስፈልጋል፤ ያለ ቁጥር አንድ ጤና ቢሮ በጀት መያዝ አይችልም። ግን ቁጥር የማይደርስበት ቦታ አለ። እዚያ የሚደርሰው ዓይነታዊ ጥናት ነው። ሰውን ያዋራል፣ የተናገረውን ቃል በቃል ይጽፋል፣ ደጋግሞ ያነባል፣ ትርጉሙን ይፈልጋል። ይህን እንደ ቀላል ሥራ፣ እንደ ወሬ መሰብሰብ የሚያዩት ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም። በሳይኮሲስ ጉዳይ ሕክምናው የት ላይ እንደሚሰናከል የሚያሳየን ይኸው ዘዴ ነው። ለዚህ ደግሞ ማስረጃ ፍለጋ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም።

ሳይኮሲስ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። አንድ ሰው ከሌላው ጋር የሚጋራው እውነታ ሲናጋበት ለሁኔታው የሚሰጥ ስም ነው። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል። «እየተከታተሉኝ ነው» የሚል የማይነቃነቅ እምነት ይይዘዋል። ሐሳቡ ይበታተናል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል። ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ ይታያል፤ ስሜት ከልክ በላይ በሚወጣበትና በሚወርድበት በባይፖላር፣ በከባድ ድብርት፣ ከወሊድ በኋላ፣ በአንዳንድ አነቃቂ ዕፆችም ሊመጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በስኪዞፍሬኒያ ብቻ የሚኖረውን ሰው ወደ 24 ሚሊዮን ያደርሰዋል፤ በግምት ከ300 ሰው አንዱ ማለት ነው። የሐዋሳን ሕዝብ ብዛት የሚያውቅ ሰው ሒሳቡን ራሱ ይሥራው።

ቡታጅራ የቆጠረችውና ያልቆጠረችው

ቡታጅራ ከሐዋሳ ያን ያህል አትርቅም። በአእምሮ ጤና ምርምር ግን በዓለም የታወቀች ከተማ ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ያሉበት ቡድን በአካባቢው ቤት ለቤት ዞሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን መረመረ። በሕይወት ዘመናቸው ስኪዞፍሬኒያ የያዛቸው ከ1,000 ሰው 4.7 ሆነው ተገኙ። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ብርቅ ነበር።

የእኔን ቀልብ የሚስበው ግን ከዋናው ቁጥር ጎን ያለው ነገር ነው። አጥኚዎቹ ሰው የለዩት በሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ዓለም አቀፍ መጠይቅ ነው። ሌላው አካባቢውን በደንብ የሚያውቁ ነዋሪዎችን «በዚህ መንደር እንዲህ የሚሆን ሰው ታውቃላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች በማግኘት ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ሆነ። መጠይቁ ያመለጠውን ጎረቤት ያውቀዋል። ይህ ለመጠይቅ ወዳጆች ሁሉ ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል። አንድ ሰው ለማያውቀው ጠያቂ «ድምፅ ይሰማሃል?» ሲባል «አይ» ሊል ይችላል። ለምን አዎ ይበል? አዎ ማለት ምን እንደሚያስከትልበት ያውቃል።

ሁለተኛው አስገራሚ ውጤት የወንዶችና የሴቶች ቁጥር ነው። በቡታጅራ በስኪዞፍሬኒያ ከተለዩት ውስጥ ለአንዲት ሴት ወደ አምስት የሚጠጉ ወንዶች ነበሩ። በሌላው ዓለም ልዩነቱ እንዲህ አይሰፋም። ለምን? ሴቶቹ በእርግጥ ሳይታመሙ ቀርተው ነው? ወይስ ታማ ጓዳ የተቀመጠች ሴት ለጎረቤትም ለአጥኚም አትታይም? መንገድ ላይ የሚጮኽ ወንድ ሁሉም ያየዋል። ማድ ቤት ውስጥ ለብቻዋ የምታወራ ሴት ግን እንጀራ እስከጋገረች ድረስ «ዝምተኛ ናት» ተብላ ልትታለፍ ትችላለች። የትኛው እውነት እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ አይነግረንም። ሄዶ ሴቶቹን ማዋራት ያስፈልጋል።

ከውስጥ ማየት ሲባል

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪምና ፈላስፋ ካርል ያስፐርስ በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ ሐኪም ሁለት ሥራ አለበት ብሎ ነበር። አንዱ ማስረዳት ነው፤ አንጎል ውስጥ ምን ተፈጠረ ብሎ ምክንያት መፈለግ። ሌላው መረዳት ነው፤ ሰውየው ምን እየኖረ እንደሆነ በእሱ ቦታ ሆኖ ለማየት መሞከር። ያስፐርስ ራሱ ግን ድንበር አበጀ። አንዳንድ የሳይኮሲስ እምነቶች ፈጽሞ ልንረዳቸው የማንችላቸው ናቸው አለ። ከእሱ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ይህን ድንበር እንደ ምክንያት ወሰዱት። ሊገባ የማይችል ነገር ከሆነ መጠየቅስ ምን ይጠቅማል?

የዛሬ ዓይነታዊ አጥኚዎች ይህን ድንበር ወደ ኋላ እየገፉት ነው። መንገዳቸው ብዙ ነው። አንዱ ብቻ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆናታን ስሚዝ በ1996 ያስተዋወቀው ትርጓሜያዊ ፍኖሜኖሎጂ። በዚህ ዘዴ የተሳታፊው ቁጥር ትንሽ ነው። አንዳንዴ ስድስት፣ አንዳንዴ አሥር ሰው ብቻ ይበቃል። አጥኚው እያንዳንዱን ሰው ለብቻው በጥልቀት ያነባል። ሰውየው የሆነበትን ለመረዳት ይሞክራል፤ አጥኚው ደግሞ የሰውየውን መረዳት ለመረዳት ይሞክራል። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል ይዞ «አንድም እንዲህ ማለቱ ነው፣ አንድም እንዲህ ማለቱ ነው» እያለ ትርጓሜዎቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ቃሉን ግን አይለውጠውም። ጥሩ የዓይነታዊ ጥናት አጥኚም የታማሚውን ቃል የሚይዘው እንደዚሁ ነው።

በተግባር እንየው። አንዲት የ22 ዓመት ልጅ እናስብ። ከአለታ ወንዶ መጥታ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ከጊዜ በኋላ ማታ ማታ የሚሰድባት ድምፅ መስማት ጀመረች። የምርመራ ቅጹ ይህን በአንድ ምልክት ይጨርሰዋል፤ ድምፅ መስማት፣ አለ። ዓይነታዊ አጥኚ ግን ገና መጠየቅ ይጀምራል። የማን ድምፅ ነው? በሲዳምኛ ነው ወይስ በአማርኛ የሚያወራሽ? የአለቃሽ ነው ወይስ የአባትሽ? ምን ይልሻል? ትመልሽለታለሽ? መቼ ዝም ይላል? ሥራ ላይ ማሽኑ ሲጮህ ይብሳል ወይስ ይሻላል? ለማን ነገርሽ? ለምን ለእሱ መረጥሽ? ከእነዚህ መልሶች ውስጥ ሕክምናዋን ሊለውጥ የማይችል አንድም ያለ አይመስለኝም።

ድምፁ የማን እንደሆነ መጠየቅ ከንቱ አይደለም። አንትሮፖሎጂስቷ ታንያ ሉርማንና ባልደረቦቿ በሦስት ከተሞች፣ በካሊፎርኒያዋ ሳን ማቴዎ፣ በጋናዋ አክራና በህንዷ ቼናይ፣ ሳይኮሲስ ያለባቸውን ከየከተማው 20፣ በድምሩ 60 ሰዎች አነጋገሩ። ውጤቱ በ2015 ወጣ። አሜሪካውያኑ በአብዛኛው ድምፁን እንደ ጥቃት፣ እንደ አንጎል ብልሽት ያዩታል። በቼናይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የዘመዶቻቸውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ይቆጧቸዋል፣ ሥራ ያዟቸዋል፣ ይመክሯቸዋል። በአክራ ብዙዎቹ የእግዚአብሔርን ድምፅ እንሰማለን አሉ፤ ግማሾቹም ድምፁ በአመዛኙ መልካም ነው ብለዋል። ሕመሙ ተመሳሳይ ስም ቢኖረውም ከድምፁ ጋር ያለው ኑሮ ግን ተለያየ። ሐዋሳ ውስጥ የቅዱስ ገብርኤል ደወል፣ የመስጊድ አዛንና የእሑድ የጸሎት መዝሙር በአንድ ሰፈር ይሰማሉ። እዚህ አገር ከላይ የሚመጣ ድምፅ ሰምቻለሁ ማለት ብቻውን እብደት አይደለም። እንዲህ ባለ ከተማ ሰው ድምፁን እንዴት እንደሚረዳው ሳይጠየቅ ከውጭ የመጣ ማብራሪያ ብቻ መጫን ትክክል አይደለም።

ኔዘርላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ማርየስ ሮምም በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። አንዲት ታካሚው ድምፆቿን በቁም ነገር እንዲወስድላት ወጥራ ያዘችው። በ1987 አብረው በቴሌቪዥን ቀረቡና ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች እንዲደውሉ ጠየቁ። ድምፅ የሚሰሙ 450 ያህል ሰዎች ምላሽ ሰጡ። ከእነሱ ውስጥ 150 የሚሆኑት ከድምፁ ጋር መኖርን የቻሉ ነበሩ። ሐኪሙ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ሐኪም ዘንድ የሚመጣው ያልቻለው ነው። የቻሉት እንዴት ቻሉ የሚለውን ጥያቄ ማንሳት የተቻለው እነሱን በማዋራት ነው።

መድኃኒትና እንጀራ

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልምጣ። የሳይኮሲስ መድኃኒት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ያቋርጣል። ካርዱ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ተብሎ ይጻፋል። ጤና ባለሙያው ይቆጣል። ቤተሰቡም ይቆጣል። የተለመደው ማብራሪያ ሕመሙን ስለማይቀበል ነው፣ ግንዛቤ ስለሌለው ነው የሚል ነው። መፍትሔውም ግንዛቤ ማስጨበጫ ይሆናል።

በቡታጅራ አካባቢ ታካሚዎችን፣ አስታማሚዎችንና የጤና ባለሙያዎችን ያነጋገረ ዓይነታዊ ጥናት በ2013 ታተመ። ጥያቄው ለምን ታቋርጣላችሁ የሚል ነበር። ጎልቶ የወጣው መልስ ምግብ ነው። መድኃኒቶቹ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚበላ በቂ ነገር የለም። መድኃኒቱን የዋጠ ሰው በረሃብ ይሠቃያል። ቤተሰቡ የሚሰጠው ሲያጣ ያፍራል። እናም መድኃኒቱ ይቀራል።

ይህን ስታውቅ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ያ ሰው «አይገባውም» የተባለው በስህተት ነው። እንዲያውም በደንብ ገብቶታል። ሆዱንና የቤቱን ሌማት አይቶ ወስኗል። የሚያስፈልገው ፖስተር ሳይሆን እህል ነው፤ ወይም ከገቢ ጋር የተያያዘ ድጋፍ ነው፤ ወይም ሐኪሙ ስለ ረሃቡ ጠይቆ የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን ማስተካከሉ ነው። «መድኃኒት ይወስዳሉ? አዎ / አይደለም» የሚል መጠይቅ ይህን መቶ ዓመት ቢጠይቅ አያገኘውም። ቅጹ ላይ ረሃብ የሚባል ሣጥን የለማ! ሣጥኑን ለመጨመር እንኳን መጀመሪያ አንድ ሰው ረሃብ ብሎ እንዲናገር ዕድል ማግኘት አለበት። ሐዋሳ ላይ የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ አንባቢ የዚህን ክብደት ማብራራት አይጠበቅብኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ ሰንሰለት ነው። በቤት ውስጥ ስለታሰሩ ታማሚዎች ስንሰማ ፈጥኖ የሚመጣብን ፍርድ የቤተሰብ ጭካኔ ነው። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ዓይነታዊ ጥናት ግን ጠጋ ብሎ ጠየቀ። ቤተሰቦች የሚያስሩት ታማሚው ጠፍቶ እንዳይሞት፣ ሰው እንዳይጎዳ ወይም ጎረቤት እንዳይጎዳው፣ አንዳንዴም ጤና ተቋም ለመውሰድ ሌላ መንገድ ሲያጡ ነው። እያለቀሱ የሚያስሩ አሉ። ይህ መታሰርን ትክክል አያደርገውም። በሰንሰለት የታሰረው ሰው ሥቃይም አይቀንስም። ግን የት መጀመር እንዳለብን ያሳያል። መድኃኒት በቅርብ ከተገኘና ቤተሰብ የሚያግዘው ሰው ካገኘ ሰንሰለቱ የሚፈታበት ዕድል አለ። በዚያው ወረዳ እንዲህ ያሉ ቃለ መጠይቆች ተሰምተው ሐኪም ባልሆኑ የአካባቢ ሠራተኞች የሚሰጥ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ አገልግሎት ተቀረጸ። አገልግሎቱ በቁጥር በሚለካ ሙከራም ተፈተነ፤ ውጤቱ በ2022 ሲወጣ የሰዎቹን የዕለት ተዕለት ኑሮ እንዳሻሻለ ታየ። ቁጥሩና ወሬው ተጣልተው አያውቁም። መጀመሪያ ተሰማ፣ ቀጥሎ ተለካ።

ሐዋሳ ላይ ቢሠራ

ይህን ሥራ የሚመኝ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አይጠፋም። ዘዴውን ከመጽሐፍ መማር ይቻላል። የሚከብደው መሬት ላይ ያለው ነው።

ከመቅረጫው እንጀምር። ዓይነታዊ ቃለ መጠይቅ ማለት ድምፅ መቅዳት ማለት ነው። አሁን «ስልኬ ተጠልፏል፣ እየቀዱኝ ነው» በሚል ፍርሃት የሚኖር ሰው ፊት መቅረጫ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጥሩ አጥኚ መቅረጫውን ለሰውየው ይሰጠዋል። ራሱ ያብራው፣ ራሱ ያጥፋው። ካልፈለገ በወረቀት ይጻፍ። ወረቀቱንም ማየት ከፈለገ ይየው። ይህ መረጃ ያሳጣል የሚል አስተማሪ ካለ፣ በፍርሃት የተገኘ መረጃ ከዚያ የባሰ ነው እላለሁ።

ቦታውም እንዲሁ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ጋውን ለብሶ የጠየቀ ሰው የሚሰማው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፤ «ደኅና ነኝ፣ መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ታካሚው ፈተና ላይ ያለ ይመስለዋል። ቤት ደግሞ እናት በር ላይ ትቆማለች፣ ታናሽ ወንድም ይገባል ይወጣል። ልጇን አሥር ዓመት ያስታመመች እናት ልትባረር አይገባም፤ የእሷም ታሪክ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ግን እሷ ባለችበት ልጁ ስለ ሰንሰለቱ አይናገርም። ስለዚህ አንዳንድ አጥኚዎች እየተራመዱ ያዋራሉ። ሐዋሳ ለዚህ የታደለች ናት። በፍቅር ሐይቅ ዳር ጠዋት ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ተፋጥጦ ከመቀመጥ ይቀላል። ዓይን ለዓይን መተያየት የሚያስጨንቀው ሰው ይናገራል፣ ሲደክመው ይቀመጣል፣ ሲበቃው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እናት ስለ መጣች አንድ ነገር ልጨምር። «የታማሚው ተሞክሮ» ተብለው የሚጻፉ ብዙ ጥናቶች ሲከፈቱ ያነጋገሩት አስታማሚውን ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አስታማሚ ቀጠሮ ያከብራል፣ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይናገራል። የአስታማሚውም ሸክም ቀላል አይደለም። በቡታጅራ በተጠየቁ ቤተሰቦች ዘንድ 75 ከመቶው በዘመዳቸው ሕመም ምክንያት መገለል ደርሶብናል ወይም ይሰማናል ብለው ነበር። ግን እናቱ የምታውቀው ልጇ ሲታመም ያየችውን ነው። ልጁ የኖረውን አይደለም። ሁለቱ በአንድ ርዕስ ሥር መቀላቀል የለባቸውም።

ዝምታም አለ። ሳይኮሲስ ሁልጊዜ ወሬ አያበዛም። ለብዙዎች የሚቀረው ስሜት መደብዘዝ፣ ቃል ማጠር፣ ፍላጎት ማጣት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ሁለት ገጽ እንኳን አይሰጥም። አጥኚው «መረጃው ሳሳ» ብሎ ይተወዋል፣ ተናጋሪውን ይመርጣል። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ስለ ሳይኮሲስ የምናነበው በደንብ መናገር ከሚችሉት ብቻ ይሆናል። ለዚህ መፍትሔው አንድ ረጅም ቃለ መጠይቅ ሳይሆን ብዙ አጫጭር ጉብኝቶች ናቸው። ካሜራ ሰጥቶ ቀኑን ፎቶ እንዲያነሳ መጋበዝም ይቻላል። ሰውየው ያነሳው የተዘጋ በር ወይም የሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ጥያቄ ያመጣል፤ ከጥያቄው ደግሞ ጥቂት ቃል ይወጣል።

የቋንቋው ጉዳይ ሐዋሳ ላይ በተለይ ያሳስበኛል። ታማሚው በሲዳምኛ ያወራል። አጥኚው በአማርኛ ይጽፋል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይታተማል። በሦስተኛው ላይ የሚደርሰው የሰውየው ቃል ነው ለማለት ይከብዳል። ትንታኔው የመጀመሪያው ቋንቋ ላይ መሠራት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሲዳምኛ የሚናገሩ አጥኚዎች እንጂ ሲዳምኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ብቻ አይበቃም። ወጪ አለው። ግን ያለዚያ ጥናቱ ከምንጩ ይለያል።

«እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ይላል ተረቱ። ይህ ተረት ሳናስበው ምርምሩ ውስጥ ገብቷል ብዬ እፈራለሁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ታማሚውን ለመጠበቅ ሲሉ የቤተሰብ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ጥበቃው ተገቢ ነው፤ በሕመሙ ከፍታ ላይ ያለን ሰው ማስፈረም በደል ነው። ግን ሳይኮሲስ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜውን በዚያ ከፍታ ላይ አያሳልፍም። ስለ ጥናቱ ቀስ ብሎ የተነገረው፣ የተነገረውን በራሱ አባባል መልሶ መግለጽ የቻለ ሰው ስለ ራሱ ታሪክ መፍቀድም መከልከልም ይችላል። ፈላስፋዋ ሚራንዳ ፍሪከር በ2007 ባወጣችው ሥራ ሰውን በማንነቱ ብቻ የቃሉን ተአማኒነት መንፈግ ራሱን የቻለ በደል ነው ብላ ጽፋለች። እዚህ ላይ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

ተቃውሞዎቹስ?

በዚህ ዘዴ ላይ የሚነሱ ወቀሳዎች አሉ። ስምንት ሰው አነጋግሮ ስለ ከተማ መናገር አይቻልም ይባላል። ልክ ነው፣ አይቻልምም። ስምንት ሰው ስንት ሰው ይራባል የሚለውን አይመልስም። ረሃብ የሚባል ነገር እንዳለና እንዴት እንደሚሠራ ግን ያሳያል። ብዛቱን ሌላ ጥናት ይቁጠር።

ሌላው ወቀሳ ሕመሙን ማሳመር ነው። ይህ የበለጠ ያሳስበኛል። ድምፅ መስማት እንደ ጸጋ፣ ሳይኮሲስ እንደ ልዩ ዕይታ የሚቀርብበት አጻጻፍ አለ። በቡታጅራ ከሦስት ዓመት በላይ ክትትል ከተደረገላቸው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ ያለ ፋታ የታመሙ ነበሩ። ይህን የሚያስረሳ ጥናት ታማሚውን አልሰማውም። በ2022 ወርልድ ሳይካያትሪ በተባለው መጽሔት የወጣ ሰፊ ሥራ በዚህ ሚዛኑን የጠበቀ ይመስለኛል። ያዘጋጁት ተመራማሪዎችና ሳይኮሲስን ራሳቸው ያሳለፉ ሰዎች አብረው ነው። እዚያ ውስጥ ሕመሙ ሊጀምር ሲል የሚሰማው «አንድ ትልቅ ነገር ሊሆን ነው» የሚል ስሜት አለ። ሁሉም ነገር ድንገት ትርጉም ያገኘበት ቅጽበትና የሚሰጠው እፎይታ አለ። ከዚያ የሚከተለው ሽብርና ብቸኝነትም አለ። ሆስፒታል መግባት ለአንዱ መጠለያ፣ ለሌላው ቁስል ሆኖ ተጽፏል። ሁሉም ባለበት ተቀምጧል።

አብሮ መጻፍ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር አለ፤ አባላቱ በምርምር ውስጥ መሳተፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። ሐዋሳ ላይ የሚጀመር ጥናት ሳይኮሲስን ያሳለፈ ቢያንስ አንድ ሰው በአጥኚነት መያዝ አለበት። ለትራንስፖርት ተብሎ በሚሰጥ ጥቂት ብር ሳይሆን እንደ ማንኛውም መረጃ ሰብሳቢ ተከፍሎት። ጥያቄዎቹን ሲያዘጋጁ ይኑር፣ ሲተነትኑ ይኑር፣ ስሙም ከደራሲዎቹ ጋር ይሰፍር፤ ስሙን መግለጽ ከፈለገ። ሐዋሳ ትልቅ ብትመስልም ሰዉ ይተዋወቃል። የሰፈርና የሥራ ቦታ ስም በተጻፈበት ታሪክ ውስጥ ሰውን መለየት ቀላል ነው። ስለዚህ የተሳታፊዎቹ ስም ብቻ ሳይሆን ሰፈራቸውና ሥራቸውም መለወጥ አለበት፤ ጽሑፉም ከመታተሙ በፊት ለእነሱ መነበብ አለበት።

እዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። አንድ ሰው በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ ተረጋግቶ ነበር። በሁለተኛው ላይ ሕመሙ አገርሽቶበት መጣ፤ በመጀመሪያው የተናገረውን ሁሉ ካደ፣ አጥኚውን ሰላይ ነህ አለው። የትኛው ቃሉ ይያዝ? እኔ ብሆን በዚያ ቀን ምንም አልቀዳም። ሰው ጠርቼ ሕክምና እንዲያገኝ አደርጋለሁ፣ ሲሻለው ተመልሼ እሄዳለሁ። ያኔ ሁለቱንም እነግረዋለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ብለህ ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ እንዲህ ብለህ ነበር። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይውጣ፣ ወይስ ሁለቱም ይሰረዙ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ሁለቱም ይሰረዙ ካለ ጥናቱ አንድ ሰው ያጣል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚያጸድቀው ቅጽ ላይም ይህ አስቀድሞ በግልጽ መጻፍ አለበት።